ሻሼ የገዛቻት ትንሿ ማሞቂያ

ሻሼ ትባላለች። ዕድሜዋ ዐሥር ዓመት ነው። ቤቷ ጅቡቲ ከተማ፣ ራስ ዲካ ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ነው። "ቤቷ" ስላችሁ የእናቷን የሥራ ቦታ ማለቴ ነው። እናቷ አልጋነሽ እዚያ ቤት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ታጸዳለች። እናትና ልጅ ከግቢው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ማራገቢያና የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ከዚያ በላይ ክፍሏ አትችልም።

የቤቱ ባለቤት ሐጂ ኑረዲን ናቸው። ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ ነው። በወጣትነታቸው ለንግድ ብለው በባቡር ጅቡቲ ገቡ፤ እዚያው ቀሩ። አሁን አርጅተዋል፤ ልባቸውም ደክሟል። ልጃቸው እትዬ ናዒማና የልጅ ልጃቸው ኢማድ አብረዋቸው ይኖራሉ። የኢማድ አባት መርከበኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቤት የለም። ኢማድ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሻሼ ጋር ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ እንደገና ይጣላሉ። እናንተም ታውቁታላችሁ መቼም።

ኢማድ ዓሣዎች አሉት። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል፤ ሁለት መቶ አርባ ሊትር ውሃ ይይዛል። በውስጡ ስድስት ዓሣዎች ይዋኛሉ። እንደ ስኒ ማስቀመጫ ሰሃን ክብና ጠፍጣፋ ናቸው፤ ሰማያዊ መስመር አላቸው። ትልቁ ሱልጣን ይባላል። ሱልጣን ከኢማድ ጣት ላይ ይበላል፤ ሌላ ሰው ሲመጣ ግን ጀርባውን ይሰጣል። ኩራቱ ሌላ ነው!

ገንዳው ውስጥ የውሃ ማሞቂያም አለ። ረጅም የመስታወት ቱቦ ነው፤ ሽቦው ሶኬት ላይ ይሰካል።

ሳቃችሁ አይደል? ሻሼም መጀመሪያ ስታየው ስቃለች። በነሐሴ ወር፣ ጅቡቲ ውስጥ፣ ቧንቧው ራሱ የሚያቃጥል ውሃ እየተፋ፣ ማነው ውሃ የሚያሞቀው? ግን ሳሎኑ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ለሐጂ ልብ ሲባል ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው ማሽን፣ ክሊሙ፣ ሌት ተቀን ይሠራል። ክፍሉ ሃያ ዲግሪ ነው። የእነ ሱልጣን አገር ደግሞ ሞቃት ወንዝ ነው፤ ውሃቸው ሃያ ስምንት ዲግሪ ካልሆነ ይታመማሉ። ስለዚህ ሐጂን ክሊሙ ያቀዘቅዛቸዋል፤ ዓሣዎቹን ማሞቂያው ያሞቃቸዋል።

በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ፣ እዚያ ቤት ሁለት ጾም ባንድ ጊዜ ገባ። ሳሎን ረመዳን፣ ጓሮ ፍልሰታ። ሐጂን ሐኪሙ "አይጹሙ" ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን "ሐኪሙ ልቤን ያውቃል፤ ጾሜን የማውቀው እኔ ነኝ" ብለው ጾሙ። ሻሼም ፍልሰታን ሙሉውን ልጾም ብላ ወሰነች። ጠዋት ጠዋት ሲገናኙ ሐጂ ይቀልዱባታል።

"ጾመኛዋ! ዛሬ ማን ይበረታል? አንቺ ወይስ እኔ?"

"እኔ ነኛ፣ አባባ ሐጂ!"

በዚያው ሰሞን ኢማድ ጆሮውን ሊታከም ከእናቱ ከእትዬ ናዒማ ጋር ወደ ፓሪስ ሊሄድ ሆነ። ሻንጣው በር ላይ ቆሞ ሳለ ሻሼን ወደ ገንዳው ጎትቶ ወሰዳት።

"ዓሣዎቼን ለአንቺ ነው የምተወው። አደራ!"

"ለእማዬ አትሰጥም?"

"እናትሽ ሥራ ይበዛባታል። ደግሞ አንቺ ትወጃቸዋለሽ።" ከዚያ በጣቱ እየቆጠረ ነገራት። "በቀን ሁለት ጊዜ ታበያቸዋለሽ። ቴርሞሜትሩን ታያለሽ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከውሃው ሩቡን ትቀይሪያለሽ። ግን ስሚ! ውሃውን ከመቅዳትሽ በፊት ማሞቂያውን ከሶኬት ትነቅያለሽ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ትጠብቂያለሽ። ከውሃ ውጭ ሆኖ ከጋለ ይሰነጠቃል።"

"ገባኝ።"

"እስኪ ድገሚልኝ።"

ደገመችለት። አንዲት ቃል አልሳተችም።

አደራ ቃሏ አጭር ናት ልጆች። ሸክሟ ግን ይከብዳል።

ማክሰኞ መጣ። ሻሼ ከቅዳሴ ተመልሳ ውሃ ልትቀይር ጀመረች። ለነሐሴ ዐሥራ ስድስት በዓል የሚዘመር መዝሙር ነበር፤ የልምምዱ ሰዓት ደግሞ ደርሷል። ጓደኛዋ በለጡ በር ላይ ቆማ ትጣራለች።

"ሻሼ! ቀረን እኮ! መምህሩ የዘገየውን አያስገቡም!"

"መጣሁ! መጣሁ!"

ሻሼ ሶኬቱን አየችው። አውቃለች ማለት ነው። ግን ሩብ ሰዓት! ሩብ ሰዓት ማን ይጠብቃል? "ቶሎ ካደረግሁት ምንም አይሆንም" አለች በልቧ። ውሃውን በጎማ ቀዳች። ውሃው ጎደለ፤ ማሞቂያው ግማሹ ከውሃ ወጣ። ከዚያ ሳሎን ውስጥ ያደረውን ቀዝቃዛ ውሃ ከባልዲ ገለበጠችበት።

ጧ!

ቱቦው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሻሼ በድንጋጤ ዘላ ሽቦውን ከግድግዳው ነቀለች። እግዚአብሔር ጠበቃት እንጂ፣ ኤሌክትሪክ ያለበት ውሃ ውስጥ እጇን ብትከት ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ሌላ ነበር። እናንተ በጭራሽ እንዳትሞክሩት!

አሁን ወደ ጓሮ ሮጣ "እማዬ፣ ሰበርኩት" ማለት ትችል ነበር። እናቷ ትቆጣ ነበር። ምናልባትም ጆሮዋን ቆንጠጥ ታደርጋት ነበር። በዚያው ያልቅ ነበር። ሻሼ ግን የተሰበረውን ማሞቂያ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ከቆሻሻው ቅርጫት ውስጥ ከድንች ልጣጩ ሥር ቀበረችው። "ጅቡቲ ናት፤ ውሃው ራሱ ይሞቃል" ብላ ራሷን አጽናናች። ከዚያ ወደ ልምምድ ሮጠች። ሲዘመር አፏ ይከፈታል፤ ድምፅ ግን አልወጣላትም።

ረቡዕ ጠዋት ቴርሞሜትሩ ሃያ አራት አለ። ዓሣዎቹ ጠቁረዋል፤ አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ምግቡን ብትበትንላቸውም ወደ ታች ሰመጠ።

አልጋነሽ ልታጸዳ ገብታ አየቻቸው። "ምነው ዓሣዎቹ ፈዘዙ?"

"ተኝተው ነው።"

"በቀን?"

"ዓሣ በቀን ነው የሚተኛው፣ እማዬ።"

እናቷ አመነቻት። እናት ልጇን ማመን ልማዷ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ኢማድ ነበር። ቀኝ ጆሮው በፋሻ ስለታሰረ ስልኩን በግራ በኩል ይዟል።

"ሱልጣን በላ?"

"በላ።"

"ሙቀቱስ?"

"ሃያ ስምንት።"

ስልኩን ቶሎ አስቀመጠች።

ሐሙስ ጠዋት ሃያ ሁለት አለ። አሁን ሻሼን እውነተኛ ፍርሃት ያዛት። ለፋሲካ የተሰጣትን ገንዘብ ከትራሷ ሥር አወጣችና ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ወዳለው የጋሽ ሙክታር ሱቅ ሄደች። ጋሽ ሙክታር የድሬዳዋ ሰው ናቸው። አምፖል፣ ማራገቢያ፣ የዓሣ ዕቃም ይሸጣሉ። የኢማድን ገንዳ የሸጡትም እሳቸው ናቸው። ከሐጂ ጋር የልብ ወዳጆች ናቸው።

"አቦ ሻሼ! ሐጂ እንዴት ናቸው? ዓሣዎቹስ?"

"ደህና ናቸው።"

"ምን ልስጥሽ?"

"የዓሣ ማሞቂያ።"

ጋሽ ሙክታር ቀና አሉ። "የኢማድ ተበላሸ እንዴ?"

ይቺን ጥያቄ ልብ በሉ። "አዎ" ብትላቸው ችግሩ እዚያችው ባንኮኒ ላይ ያበቃ ነበር። ግን ማታውኑ ለሐጂ እንዳይነግሩባት ፈራች።

"አይ... ለጓደኛዬ ለበለጡ ነው።"

"ገንዳዋ ስንት ሊትር ይይዛል?"

"ትንሽ ናት። እንደ ባልዲ።"

"ክፍሉ ክሊም አለው?"

"የለውም። ይሞቃል።"

"እንግዲያው ቀላል ነው" አሉ ጋሽ ሙክታር። "ይኸውልሽ፣ ማሞቂያ በመልኩ አይመረጥም። እኔ ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው፤ ውሃው ምን ያህል ነው፣ ክፍሉ ምን ያህል ይቀዘቅዛል። እውነቱን የነገረኝ ሰው ተሳስቶ አያውቅም። ለባልዲ ውሃ፣ ያውም በሞቀ ክፍል፣ ሃያ አምስት ዋት ይበቃል።"

ከእስኪርቢቶ ብዙም የማትበልጥ ማሞቂያ አወጡላት። ሻሼ መደርደሪያው ላይ ትልቅ ካርቶን አየች። ካርቶኑ ላይ ሱልጣንን የመሰለ ዓሣ ተሥሏል።

"ያኛውስ፣ ጋሽ ሙክታር?"

"እሱ ለትልቅ ገንዳ ነው። ለበለጡ ምን ያደርግላታል? ዓሣዋን ይቀቅልባታል እንጂ!"

ሳቁ። ሻሼ ምን ትበል? ውሸቷ ራሷን አሰራት። የሚያስፈልጋት ማሞቂያ እዚያው ዓይኗ ሥር ተቀምጦ፣ ትንሿን ይዛ ወጣች። አባቶቻችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚሉት ለዚህ ነው።

ዓርብ ሙሉ ቀን የትንሿ ማሞቂያ ቀይ መብራት አልጠፋም። ምስኪን፣ ትለፋለች። ግን የሠርግ ድስት በሻማ ይፈላል? ቴርሞሜትሩ ሃያ አንድ ገባ። ኢማድ ደወለ። "ሱልጣን በላ?" "በላ።" ሻሼ በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የቀረበላትን ምሳ መብላት አቃታት። እናቷ ጾሙ የከበዳት መስሏት ግንባሯን ዳሰሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ሱልጣን በጎኑ ተኝቷል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሻሼ መስታወቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። "ሱልጣን፣ እባክህ" አለች። ጀርባውን እንኳ አልሰጣትም።

እኩለ ቀን ሲሆን ሐጂ ሶላታቸውን ሰግደው ሶፋው ላይ ጋደም አሉ፤ ወዲያው አንቀላፉ። ሻሼ የክሊሙን ሪሞት ጠረጴዛ ላይ አየችው። ሐሳቡ እንደ ሌባ ገባባት። ክሊሙ ቢጠፋ ክፍሉ ይሞቃል፤ ክፍሉ ከሞቀ ውሃው ይሞቃል። "ትንሽ ጊዜ ብቻ" አለች። "ሐጂ ሳይነቁ መልሼ አበራዋለሁ።"

ጠቅ አደረገችው። ክሊሙ ዝም አለ።

ወዲያው ከጓሮ ድምፅ መጣ። "ሻሼ! ነይ፣ ለሐጂ ማፍጠሪያ ዳቦ ግዢ!"

"አሁን?"

"አሁን እንጂ! ሰልፉ ሳይበዛ!"

ምን ብላ ትቅር? "ክሊሙን አጥፍቼ ነው" ትበል? ሳንቲሙን ተቀብላ ወጣች። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ሰልፉ እስከ ጥጉ ድረስ ሄዷል። ረመዳን አይደል! ሰው አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሻሼ ትቆጥራለች። አሁን ክፍሉ ሃያ አምስት ሆኗል። አሁን ሠላሳ። ሐጂ ሰውነታቸው አልቧል። ሐጂ ነቅተዋል። ወይስ አልነቁም? ከሰልፉ ወጥታ ትሩጥ? ያለ ዳቦ ብትመለስ እናቷ "ለምን?" ትላታለች። ቆመች።

ተራዋ ደርሶ ዳቦውን ታቅፋ እየሮጠች ተመለሰች። የሳሎኑ በር ተከፍቷል። አልጋነሽ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ እርጥብ ፎጣ በሐጂ ግንባር ላይ ይዛለች። የሐጂ ከንፈር ዐመድ መስሏል። እስትንፋሳቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ሐጂ፣ መድኃኒትዎን ይዋጡ! በፈጠረዎት!"

"ጾሜ... አልጋነሽ... ጾም ላይ ነኝ።"

"እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሐጂ። ይጠጡልኝ።"

ሐጂ መድኃኒቱን ዋጡ። ውሃውን ጠጡ። ቀስ በቀስ እስትንፋሳቸው ተመለሰ። ከዚያ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ለፀሐይ መግቢያ የቀሩት ጥቂት ሰዓታት ነበሩ።

ሻሼ ዳቦውን እንደታቀፈች በር ላይ ደርቃ ቀረች። እሷም ጾመኛ ናት። ጾም ምን ያህል እንደሚለፋበት ታውቃለች። የአንድ ሽማግሌ ጾም በእሷ እጅ ፈረሰ።

በዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናዒማ ናቸው። አልጋነሽ የሆነውን አልደበቀችም።

"ክሊሙ ጠፍቶ ነበር እትዬ። አሁን ግን ደህና ናቸው፣ ተመስገን።"

"ማነው ያጠፋው?"

አልጋነሽ ትንሽ አሰበች። "እኔ መሆን አለብኝ። ጠረጴዛውን ስወለውል ሪሞቱን ነክቼው ይሆናል።"

የእትዬ ናዒማ ድምፅ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። "አልጋነሽ! አባቴን ላንቺ ትቼ እኮ ነው የመጣሁት! ብሞት አላምንም ነበር! ስመለስ እንነጋገራለን።"

አልጋነሽ ስልኩን አስቀመጠች። ወደ ጓሮ ክፍሏ ገብታ ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ጎተተች። ሻሼ ተከተለቻት።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምንም። ልብሳችንን ላስተካክል ብዬ ነው።"

"ያባርሩናል?"

"እኔ እንጃ ልጄ። የሰው አባት ሊሞትብኝ ነበር። ቢያባርሩኝስ ምን እላለሁ?" አንድ ቀሚስ አጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተች። "ያጠፋሁት አይመስለኝም ነበር። ግን ከእኔ ሌላ ማን ያጠፋዋል?"

ይህ ነው ሻሼን የሰበራት። እናቷ እሷን ለአንድ አፍታ እንኳ አልጠረጠረቻትም።

"እማዬ፣ ነይ" አለችና እጇን ይዛ ጎተተቻት።

"ወዴት?"

ሻሼ እናቷን ይዛ ሳሎን ገባች። ሐጂ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሻሼ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

"አባባ ሐጂ፣ ክሊሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እማዬ አይደለችም።"

አንዴ ከጀመረች ሁሉም ወጣ። ማሞቂያው፣ የድንች ልጣጩ፣ የበለጡ ስም፣ ትንሿ ማሞቂያ፣ "ሱልጣን በላ" ያለችው ሁሉ።

ሐጂ ተቆጡ። አልተቆጡም ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። ድምፃቸው ደካማ ነበር፤ ቃላቸው ግን ከባድ ነበር።

"ለአንድ የመስታወት ቱቦ ብለሽ እኔን ልትገድይኝ ነበር?"

አልጋነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "በሆዴ ነው የያዝኩሽ ሻሼ። እንዲህ ታደርጊኛለሽ?"

ሻሼ መሬቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሐጂ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ።

"ተነሺ። የእኔን ጾም ሌላ ቀን ጾሜ እተካዋለሁ፣ ኢንሻአላህ። የእናትሽን ስም ግን እኔ ልተካው አልችልም። ያጎደፍሽው አንቺ ነሽ፤ የምታጠሪውም አንቺ ነሽ። መጀመሪያ ግን ነፍስ ያላቸውን እናድን። ሙክታርን ጥሩልኝ።"

ጋሽ ሙክታር ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ገንዳውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከገንዳው የውሃ ማጣሪያ ጀርባ ሱልጣንን አገኙት። ሞቷል። በእርጥብ ጨርቅ አድርገው ቀስ ብለው አወጡት። ሻሼ ፊቷን አላዞረችም፤ አየችው።

"አቦ ሻሼ" አሉ ጋሽ ሙክታር። ድምፃቸው የቁጣ ሳይሆን የሐዘን ነበር። "ሐሙስ ዕለት ጠየቅሁሽ እኮ። ስንት ሊትር አልኩሽ። ክሊም አለው ወይ አልኩሽ።"

"አሁን ይጠይቁኝ" አለች ሻሼ እያለቀሰች።

ጠየቋት። "ውሃው ስንት ነው?" "ሁለት መቶ አርባ ሊትር።" "ክፍሉ?" "ሃያ ዲግሪ፤ ሌት ተቀን።" "ዓሣዎቹ የሚፈልጉት?" "ሃያ ስምንት።"

"ይኸው፣ አሁን መረጥንለት" አሉና ሁለት ማሞቂያዎች አወጡ፤ እያንዳንዳቸው መቶ ሃምሳ ዋት ናቸው። አንዱን በዚህ ጫፍ፣ አንዱን በዚያ ጫፍ አደረጉ። "አንድ ትልቅ ከማድረግ ሁለት መካከለኛ ይሻላል። አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይደርስላቸዋል።" ሶኬቱን ወዲያው አልሰኩም፤ ማሞቂያዎቹ ከውሃው ጋር እስኪላመዱ ጠበቁ። ሻሼም አጠገባቸው ቆማ ጠበቀች። "በቀን ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው የምናሞቀው" አሉ። "በብርድ የተጎዳን በአንዴ ማሞቅም መግደል ነው።"

ከዚያ ሐጂ ስልኩን አቀበሏት።

መጀመሪያ እትዬ ናዒማ ነበሩ። ሻሼ "እማዬ አይደለችም፤ እኔ ነኝ" አለቻቸው። እሳቸውም "አልጋነሽን አቅርቢልኝ" አሉ። ለአልጋነሽ ምን እንዳሏት ሻሼ አልሰማችም። እናቷ ግን "ኧረ እትዬ፣ ይቅርታ አይጠይቁኝ፣ ልጄ ናት እኮ" ስትል ሰማች።

ቀጥሎ ኢማድ መጣ።

"ሱልጣን በላ?"

"አልበላም። ኢማድ፣ ሱልጣን ሞቷል። የሞተው በእኔ ጥፋት ነው። ማሞቂያውን ሰብሬ ደበቅኩ። 'በላ' ያልኩህም ውሸት ነበር። ይቅር በለኝ።"

ከዚያ ወገን ለቅሶ ተሰማ። ቀጥሎ ስልኩ ተዘጋ።

በነጋታው እሑድ ሻሼ ማልዳ ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። እሳቸውም የበደለቻቸውን ሰዎች ይቅርታ መጠየቋን ሲሰሙ፣ ጸሎትና ስግደት አዘዙላት፤ "ነገ ከእኩዮችሽ ጋር ትቆርቢያለሽ" አሏት። ወደ ቤት ስትመለስ ግን ልቧ አላረፈም። ኢማድ ይደውላል? ይቅር ብሏታል? ከስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ስልኩ ዝም አለ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሐጂ ከሶፋቸው ሆነው አዩዋት።

ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ጮኸ።

"ሻሼ?"

"አቤት፣ ኢማድ።"

"ስንት ቀሩ?"

"አምስት።"

"እውነት?"

"እውነት።"

አፍንጫውን ሲምግ ተሰማት። "ወረቀት ይዣለሁ። ዛሬ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ንገሪኝ፤ እጽፈዋለሁ። ነገም እደውላለሁ።"

"ሃያ ሦስት ነው" አለች ሻሼ። ሃያ ስምንት ብትለው ደስ ይለው ነበር። ሃያ ሦስት ስለነበረ ግን ሃያ ሦስት አለችው፤ ኢማድም ጻፈው።

ልጆቼ፣ ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው ሊረዱት የሚችሉትን ሁሉ ያርቃል፤ ስለዚህ ስታጠፉ ሳትውሉ ሳታድሩ እውነቱን ተናገሩ።